የፊልም ገጸ ባሕርያትን በእጄ ሥዬ በኢንተርኔት ጨረታ መሸጥ እችላለሁን?

ጠያቂ፦ የውኃ ቀለም
የተከበራችሁ አባላት፣ የምኖረው በሜሪላንድ ሲሆን የማደንቃቸውን የአኒሜሽን ገጸ ባሕርያት በውኃ ቀለም እሥላለሁ። ከስክሪን ላይ አልገለብጥም፤ አቋማቸውን፣ ብርሃኑንና አካባቢውን የማስበው እኔው ነኝ፤ ብዙውን ጊዜም ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ አለብሳቸዋለሁ። መጠናቸው ሰብሳቢዎች ኤሲኢኦ በሚሉት ካርድ ልክ፣ ማለትም 2.5 በ3.5 ኢንች ነው። እነዚህን ቅጂ የሌላቸው ሥዕሎች በኢቤይ ለጨረታ ለማቅረብ አስቤአለሁ፤ ሆኖም የአንዲት የማውቃት ሠዓሊ ሥራ ከአንድ የጨረታ ድረ ገጽ ላይ በባለመብት አቤቱታ ተነሥቶባታል። በእጅ የተሠራና አንድ ብቻ የሆነ ሥዕል ከዚህ ነፃ ነውን? መነሻ ዋጋውንስ እንዴት ልወስን?

መልስ፦ የሕግ ተማሪ
እህቴ፣ ሥዕሉ በእጅ መሠራቱም ሆነ አንድ ብቻ መሆኑ በራሱ ነፃ አያደርግዎትም። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት ከአንድ ሥራ የሚመነጭ ሌላ ሥራ የማዘጋጀት መብት የዋናው ሥራ ባለቤት ነው። ፍትሐዊ አጠቃቀም የሚባል መከላከያ አለ፤ ነገር ግን ፍርድ ቤት አራት ነጥቦችን እያመዛዘነ በየጉዳዩ የሚወስነው ስለሆነ ውጤቱን አስቀድሞ ማወቅ ያስቸግራል። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሟቹ ሠዓሊ በአንዲ ዋርሆል ፋውንዴሽንና በፎቶግራፍ አንሺዋ በሊን ጎልድስሚዝ ክርክር 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ለጎልድስሚዝ ሲፈርድ፣ የተመለከተው ፋውንዴሽኑ ከእርሷ ፎቶግራፍ የተሠራውን የሙዚቀኛውን የፕሪንስን ምስል በ2016 ለመጽሔት በ10,000 ዶላር እንዲታተም መፍቀዱን ብቻ ነበር፤ ዋናዎቹን ሥዕሎች ስለ መሥራት፣ ስለ ማሳየትና ስለ መሸጥ አስተያየት እንደማይሰጥ በግልጽ ጽፏል። ይህን እንደ ፈቃድ የሚያነቡት ሰዎች ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ፤ ያልተወሰነ ነገር እንዳልተወሰነ ነው የሚቆየው። የሐበሻ ቀሚሱ የእርስዎ ፈጠራ መሆኑ ሊያግዝዎት ይችላል፤ ፊቱ ግን አሁንም የሌላ ሰው ነው። «ከድርጅቱ ጋር ግንኙነት የለኝም» ብሎ መጻፍም ገዢውን ከመሳሳት ያድነው እንደሆነ እንጂ የቅጂ መብቱን ጥያቄ አይፈታም።

መልስ፦ የጨረታ ደንበኛ
በኢቤይ ባለመብቶች አቤቱታ የሚያቀርቡበት ቬሮ የሚባል አሠራር አለ፤ አቤቱታው ሲደርስ ማስታወቂያው ይወርዳል፤ መደጋገሙም ሒሳብዎን ሊያሳግድ ይችላል። በ1998ቱ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ መሠረት የመቃወሚያ ማስታወቂያ መላክ ይቻላል፤ ነገር ግን በሐሰት ምስክርነት ተጠያቂነት የሚፈረምና በፌዴራል ፍርድ ቤት ለመከሰስ የሚያስማማ ሰነድ ስለሆነ የሕግ ባለሙያ ሳያማክሩ አይላኩት።

ዋጋን በተመለከተ፣ ተጫራቹ አንድ ብቻ ከሆነ ሥዕሉ በመነሻ ዋጋው ይሸጣልና ቢሸጥበት የማያስቆጭዎትን ዝቅተኛ መጠን ይጻፉ። በስካነር ከተነሣው ምስል ጋር ብርሃን በጎን በኩል አሳርፈው ያነሡትን ፎቶ ይጨምሩ፤ የወረቀቱ ሸካራነት፣ ቀለሙ የደረቀበት ጠርዝና ከሥሩ የቀረው የእርሳስ መስመር ሲታዩ ገዢው ኅትመት አለመሆኑን ያምናል። ፊርማዎንና ቀኑን ከጀርባው ጽፈው ያንንም ያሳዩ።

መልስ፦ የሕግ ተማሪ
አንድ ነገር ልጨምር። የጥበቃ ዘመናቸው ያለፈ ገጸ ባሕርያት አሉ። ለምሳሌ በ1928 «ስቲምቦት ዊሊ» በተባለው የካርቱን ፊልም ላይ የታየው፣ ጓንት የሌለው ጥቁርና ነጭ ሚኪ ማውስ ከጥር 1 ቀን 2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ በአሜሪካ የሕዝብ ሆኗል። የንግድ ምልክቱ ግን እንደተጠበቀ ስለሆነ ሥዕሉን የዲዝኒ ምርት በሚያስመስል አርእስት አያቅርቡት፤ ኋላ በመጡ ፊልሞች የተጨመሩለትን ገጽታዎችም አይውሰዱ።

ጠያቂ፦ የውኃ ቀለም
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያዘጋጀኋቸውን ለጊዜው አቆይቼ በ1928ቱ አይጥ እጀምራለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ የጥለቱን ቀለም ከጥቁርና ነጩ አካል ጋር ባዋህድ ከኋለኞቹ ባለቀለም ሥራዎች እንደወሰድሁ ሊቆጠርብኝ ይችላልን?

መልስ፦ የሕግ ተማሪ
ጥለቱ የራስዎ ስለሆነ አያሠጋም፤ በኋለኞቹ ፊልሞች የሚታወቀውን የቀይ ቁምጣና የቢጫ ጫማ ቅንብር ግን ይተዉት።