ከርሾው ሊያቆም ነው፣ ታዲያ ለምን ከስብስቡ አወጡት?

የኮዬው ፈረቃ (መስከረም 21)

ሰላም ጓዶች። ጥያቄዬ ስለ ቤዝቦል ነው፣ እንዳትስቁብኝ። እዚህ አገር ሁሉም ኮፍያውን ያውቀዋል፣ ጨዋታውን ግን የሚያይ የለም። መርካቶ ብትሄዱ ኤልኤ የሚል ሰማያዊ ኮፍያ እንደ ጉድ ነው። ከለበሱት ውስጥ የዶጀርስ መሆኑን የሚያውቅ ስንት ይገኛል?

እኔ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ሥራዬ የማታ ጥበቃ ነው። ሎስ አንጀለስ ማታ የሚጫወቱት እኛ ጋ ሌሊት 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ እኔና ስልኬ ብቻ ስንቀር ቤዝቦል ያለ ውድድር ይዞኝ ቀረ። የአክስቴ ልጅ እዚያ ይኖራል፣ እሱ ነው ያስለመደኝ።

አሁን ወደ ነገሩ። የዶጀርሱ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ክሌይተን ከርሾው በመስከረም 8 (እነሱ ሴፕቴምበር 18፣ 2025 ይሉታል) የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ አቆማለሁ አለ። 37 ዓመቱ ነው። ከ2008 ጀምሮ (ዓመቱን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) 18 ዓመት አንድ ክለብ ብቻ። የምርጥ ፒቸርነቱን ሽልማት፣ ሳይ ያንግ የሚሉትን፣ ሦስት ጊዜ ወስዷል፤ በ2011፣ በ2013 እና በ2014። ሰኔ ላይ ደግሞ 3,000ኛውን ስትራይክ አውት (መቺን በውርወራ ብቻ አሸንፎ ማስወጣት) አደረገ፣ በሊጉ ታሪክ 20ኛው ሰው ነው። አቆማለሁ ባለ በነጋታው ሜዳው ላይ ከጃያንትስ ጋር ሲጫወት ስታዲየሙ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበለት፣ እኔም እዚህ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ዘንድሮ ደክሞም አይደለም። 11 አሸንፎ 2 ነው የተሸነፈው። ከዚያ ጥሎ ማለፉ ሲጀምር፣ ከሲንሲናቲ ሬድስ ጋር ለሚደረገው የመጀመሪያ ዙር ስብስብ ወጣ። 26 ስም ነው። የእሱ የለበትም! ዛሬ ሌሊት 10 ለ 5 አሸነፉ፣ እሱ ጃኬት ለብሶ ከጎን ቆሞ ያያል። ይሄ ሰው እንዲህ ነው የሚሸኘው? የሚገባው ሰው ያስረዳኝ።

ፌርፋክስ (መስከረም 21)

ወንድሜ ኮዬ፣ እኔ ያለሁት ሎስ አንጀለስ ነው፣ ሊትል ኢትዮጵያ አካባቢ። እዚህም ሰው ተንጫጭቷል። ግን ነገሩ ንቀት አይደለም። ላስረዳህ።

ስብስቡ ለዓመቱ በሙሉ አይደለም የሚወጣው። በጥሎ ማለፉ ለእያንዳንዱ ዙር አዲስ 26 ሰው ይመዘገባል። አሁን ያለው ዙር ሦስት ጨዋታ ብቻ ነው፣ ሁለት ያሸነፈ ያልፋል። ጀማሪ ፒቸር (ጨዋታውን የሚከፍተው) ደግሞ አንዴ ከወረወረ በኋላ አራት አምስት ቀን ያርፋል። ስለዚህ ለሦስት ጨዋታ ከሦስት በላይ ጀማሪ ምን ያደርጋል? የመጀመሪያውን ስኔል ወሰደው፣ ቀጣዩ የያማሞቶ ነው፣ ኦታኒም አለ። ከርሾው ቢመዘገብ ሳይነካ የሚመለስ ስም ነው የሚሆነው። በእሱ ቦታ መሀል ገብቶ አንድ ኢኒንግ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ክፍሎች አንዱን) የሚወረውር ሰው ይፈለጋል። ሳሳኪን አየኸው? ጀማሪ የነበረ ልጅ ነው። ትከሻውን ታሞ ሲመለስ መሀል ገቢ አደረጉት፣ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይለቃል። ከርሾው ዛሬ 143 አካባቢ ነው። እሱ የሚያሸንፈው በጭንቅላትና በኩርባ ኳሱ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ጊዜ ወስዶ መሟሟቅ ይፈልጋል። ከመቀመጫ ተነስቶ እሳት ላይ መግባት ሌላ ሙያ ነው።

የሚቀጥለው ዙር አምስት ጨዋታ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሰባት ሰባት። ጨዋታው ሲረዝም እጅ ያስፈልጋል። ያኔ ስሙን ታየዋለህ ብዬ እገምታለሁ።

አሰልጣኙ ቱሉ ዲምቱ (መስከረም 22)

ቤዝቦል አላውቅም፣ ስብስብ ማውጣት ግን አውቃለሁ። እዚህ የሰፈር ቡድን አሰለጥናለሁ። እኛም አንድ አንጋፋ ተከላካይ አለን፣ በዚህ ዓመት ጫማዬን እሰቅላለሁ ብሏል፣ ሰፈሩ በሙሉ ይወደዋል፣ ግን ጉልበቱ ሄዷል። በየሳምንቱ እየደወሉ አሰልፈው ይሉኛል። እናቱ ሳይቀሩ!

የስብስብ ዝርዝር የሠርግ መጥሪያ አይደለም፣ እንዳይቀየም ተብሎ ስም አይጨመርበትም። መሸኛው ሌላ ነው። ጭብጨባ አዘጋጅለት፣ ማሊያውን ፈርመህ ስጠው፣ ሻይ ቡና በሉ። ጨዋታው ግን የሚያሸንፍልህን ሰው ነው የሚፈልገው።

ደግሞ እስቲ የራሳችንን አስታውሱ። ፓሪስ 2024፣ የወንዶች ማራቶን። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ተጎዳና ቦታውን ለቀቀለት፣ ታምራትም ገብቶ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ ወሰደ። ተጠባባቂ! ስም እያየ የሚመርጥ ሰው ቢሆን ኖሮ ያ ወርቅ የት ይገኝ ነበር?

ሰብለ ከአያት (መስከረም 22)

አሰልጣኝ፣ ያው እርስዎ የሚመችዎትን ግማሽ ነው ያወሩት። በዚያው ማራቶን ቀነኒሳም ሮጧል። በ42 ዓመቱ! 39ኛ ወጣ። ታዲያ ማን ተቆጣ? ማንም። እኔ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ ያየሁት ለእሱ ስል ነው። ለሪዮ ሳይመረጥ የቀረ ጊዜ ስንት ተብሎ ነበር፣ ስለዚህ ፓሪስ ላይ በማየቴ ደስ ነው ያለኝ። አገር ወይም ክለብ ለአንድ ሰው አንድ ቦታ ቢይዝለት ምን ይጎድለዋል? 26 ሰው እኮ ነው የተባለው፣ ሁሉም ይገባል እንዴ?

ባሌ የዶጀርስ ኮፍያ አለው፣ ከዚያ ውጪ ስለ ቤዝቦል ምንም አላውቅም። ፍርድ ግን አውቃለሁ 😄

ፌርፋክስ (መስከረም 22)

ሰብለ እህቴ፣ ሁሉም ይገባል፣ ችግሩ እሱ ነው! ቤዝቦል ላይ አንዴ የወጣ ተጫዋች በዚያ ጨዋታ ተመልሶ አይገባም። እኩል መውጣትም የለም፣ አንዱ እስኪያሸንፍ ይቀጥላል። ጨዋታው ከረዘመ መጨረሻ ላይ የቀረው ሰው የትኛውም ይሁን ይገባል። ለዚያ ነው 26ኛው ስም ላይ እንዲህ የሚጨቃጨቁት።

አንጋፋ መቺ ቢሆን ይቀላል። ከ2022 ጀምሮ በሁለቱም ሊግ ኳስ መምታት ብቻ ሥራው የሆነ ተጫዋች ይፈቀዳል፣ ሜዳ ላይ ወጥቶ መከላከል ሳይጠበቅበት። አልበርት ፑሆልስን ያቆየው ይሄ ነው። በ2021 ኤንጀልስ በዓመቱ መሀል አሰናበቱት። ዶጀርስ አንስተው ዓመቱን አስጨረሱት፣ በ2022 ደግሞ ወደ ድሮ ክለቡ ሴንት ሉዊስ ተመልሶ 700ኛውን ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳ አሻግሮ ነጥብ የሚያስገኝ ምት) እዚሁ ዶጀር ስታዲየም መታ፣ በ703 ጨርሶ አቆመ። ሚጌል ካብሬራም በዲትሮይት ውሉ እስኪያልቅ እስከ 2023 ቆየ። ዲትሮይት ያኔ ለዋንጫ የሚፋለም ቡድን አልነበረም፣ ቦታ መያዝ አይከብደውም። ዶጀርስ ግን የአምናውን ዋንጫ ሊደግሙ ነው የሚጫወቱት። ለፒቸር ደግሞ እንደዚያ የሚደበቅበት ቦታ የለም። መሀል ላይ ብቻህን ቆመህ ነው።

ከርሾው ይሄን አሳምሮ ያውቃል። አምና የእግር ጣቱንና ጉልበቱን ታሞ ጥሎ ማለፉ ሙሉ በሙሉ አልፎታል፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና አደረገ። የዘንድሮ ውሉ የአንድ ዓመት ብቻ ነው፣ መነሻው 7.5 ሚሊዮን ዶላር። እዚህ ለእሱ ስም ይሄ ብዙ አይደለም።

በነገራችን ላይ ሰውየው ከባለቤቱ ጋር ዛምቢያ ውስጥ ወላጅ ላጡ ልጆች ማሳደጊያ አሠርቷል። ይሄን የማያውቅ ብዙ ነው።

የኮዬው ፈረቃ (መስከረም 29)

ፌርፋክስ እንዳልከው ስሙ በሚቀጥለው ዙር መጣ። ባይመጣ ይሻል ነበር።

ዛሬ ሌሊት ከፊላደልፊያ ጋር ያየ አለ? 3 ለ 1 እየተመሩ በሰባተኛው ኢኒንግ አስገቡት። ያንን እንደምንም አለፈ። ስምንተኛው ላይ ግን አንድ ስትራይክ አውት እንኳ ጠፋ። ኳሷ ትታዘዘው የነበረች ሰውዬ፣ ዛሬ እምቢ አለችው። ሁለት ሆም ረን። አምስት ነጥብ ገባበት፣ 8 ለ 2 አለቀ። የዶጀርሱ አሰልጣኝ ዴቭ ሮበርትስ ደግሞ ዝም ብሎ ያያል፣ አላወጣውም። እኔ በጣም የተናደድኩት በአሰልጣኙ ነው። እዚያው ትቶት ሲመታ ማየት... ሥራ ቦታ ላይ ድምፅ አውጥቼ ጮህኩ፣ የጎረቤቱ ግቢ ውሾች በሙሉ ተነሱ።

አሰልጣኙ ቱሉ ዲምቱ (መስከረም 29)

አላልኩም? ይሄ ነው የኔ ፍርሃት። ሰው ወዶት ያስገባዋል፣ ከዚያ የሚታወሰው በዚያ ምሽት ይሆናል። እኔ ብሆን ለሚቀጥለው ዙር አላስመዘግበውም፣ ክብሩን ይዞ ይቀመጥ።

ፌርፋክስ (መስከረም 29)

አሰልጣኝ፣ አልስማማም። ሮበርትስ ያልቀየረው ስለወደደው አይደለም። ተመርተዋል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ጨዋታ አለ። በተሸነፈ ጨዋታ ላይ ጥሩ ጥሩ ፒቸሮችህን ካደከምክ ነገ ማን ሊወረውር ነው? አንድ ሰው ይሄን ሸክም ተሸክሞ መጨረስ ነበረበት። እሱም ተሸከመ። አያምርም፣ ግን ሥራ ነው። ደግሞ ለመሸኘት ብለው ቢያስገቡት ኖሮ ስታዲየሙ የሚያጨበጭብበትን ደቂቃ መርጠው ያስገቡት ነበር፣ እንዲህ አያደርጉትም።

ሰብለ ከአያት (መስከረም 29)

እኔ ሐሳቤን ለወጥ አድርጌያለሁ ልበል? ሸክም ለማሸከም ከሆነ የመዘገቡት፣ ይቅርበት። ምነው፣ 18 ዓመት አገልግሎ!

የኮዬው ፈረቃ (ጥቅምት 18)

አልተኛሁም። አልተኛምም። ከፈረቃ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው ያየሁት፣ ቤት ገብቼም አላለቀም፣ ሚስቴ ቁርስ አቅርባ ቁርሱ ቀዘቀዘ፣ አሁንም እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

የዓለም ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ሦስተኛ ጨዋታ ከቶሮንቶ ጋር። እኛ ጋ ሌሊት 9 ሰዓት ተጀምሮ ጠዋት 4 ሰዓት ሊሞላ ሲል አለቀ። 18 ኢኒንግ! የወትሮው ዘጠኝ ነው፣ ሁለት ሙሉ ጨዋታ ማለት ነው። 12ኛው ላይ 5 ለ 5 ሆኖ፣ ሁለት አውት (ሁለት ሰው ወጥቶ አንድ ሲቀር)፣ የቶሮንቶ ልጆች ሦስቱም ቤዝ (የሩጫ ማረፊያ) ላይ ቆመው፣ በሩ ተከፈተና ማን ቢወጣ ጥሩ ነው? 22 ቁጥር። ከርሾው። እኔ እኮ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ፊላደልፊያ ትዝ ብሎኝ። ቆጠራው ሞላ፣ አንድ ተጨማሪ ኳስ ቢሳሳት ነጥብ ነው። የቶሮንቶው መቺ ሉክስ መሬት ለመሬት መታት፣ ያዟት፣ አውት! ሥራው ያቺ ብቻ ነበረች። ከዚያ 18ኛው ላይ ፍሬዲ ፍሪማን ሆም ረን መትቶ 6 ለ 5 ጨረሰው።

ፌርፋክስ (ጥቅምት 18)

እኔ ጋ እኩለ ሌሊት ነው፣ ጎረቤት ሁሉ መኪና ጥሩምባ ላይ ነው።

አሁን ስብስቡን ተመልከቱልኝ። ከርሾው ለምን ገባ? ግራኝ ስለሆነ። ሉክስም የሚመታው በግራ ነው፣ ግራኝ መቺን ግራኝ ፒቸር ይከብደዋል። ከግራኝ መሀል ገቢዎቹ ቬሲያ በቤተሰብ ጉዳይ፣ ስኮት ደግሞ በሕመም ከስብስቡ ውጪ ናቸው። ስለዚህ ያ ቦታ የአንጋፋው ሆነ። ለዚህ ዙር አዲስ ከተመዘገቡት አንዱ ደግሞ ዊል ክላይን ነው። በቀደሙት ሦስት ዙሮች ስሙ ስብስቡ ውስጥ አልነበረም። መጨረሻ ላይ ሰው ሲያልቅ ገብቶ አራት ኢኒንግ ወረወረ፣ አንድም ነጥብ አልገባበትም። አሰልጣኝ፣ የእርስዎ ታምራት ቶላ ይኸውልዎት።

አሰልጣኙ ቱሉ ዲምቱ (ጥቅምት 18)

ክላይን የሚባለውን ወድጄዋለሁ። ስለ ከርሾው አልከራከርም፣ ለሥራ ነው የገባው፣ ሠርቷል። የኔን ተከላካይ ግን አሁንም አላሰልፈውም፣ ይሄን አንብባችሁ እንዳትደውሉ።

ሰብለ ከአያት (ጥቅምት 18)

ሃሃ፣ እናቱ ግን መደወላቸው አይቀርም። ኮዬ፣ ሰውዬው ዋንጫ ካገኘ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ልቀጥል ቢልስ? ኃይሌም እኮ በ2010 ኒው ዮርክ ላይ አቆምኩ ብሎ ብዙም ሳይቆይ ተመልሷል።

ፌርፋክስ (ጥቅምት 18)

ይሄ የሚመለስ አይመስለኝም። ሲያልቅ ውሉም ያልቃል፣ ክለቡ ከያዛቸው 40 ሰዎች ላይ ስሙ ይወርድና ቦታው ለወጣት ይከፈታል። ከዚያ አምስት ዓመት ጠብቆ ለዝነኞች ቤተ መዘክር ድምፅ ይሰጥበታል፣ እሱ ላይ ክርክር የሚኖር አይመስለኝም።

አራተኛው ጨዋታ ዛሬ ሌሊት በእናንተ 9 ሰዓት ነው። የሚጀምረው ኦታኒ ነው።

የኮዬው ፈረቃ (ጥቅምት 18)

ዛሬ ተረኛ አይደለሁም፣ ግን ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቻለሁ። መብራት ካልጠፋ እገባለሁ።