አባቴ አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ «አሲኔቶባክተር» ተገኘበት፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። አባቴ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አይሲዩ ገብቶ በማሽን እየተነፈሰ ነው። ዛሬ 12ኛ ቀኑ። በጉሮሮው ቱቦ የተወሰደው አክታ ካልቸር ተደርጎ (ባክቴሪያ ካለ እንዲያድግ ላብራቶሪ ውስጥ ተቀምጦ) «አሲኔቶባክተር ባውማኒ» የሚባል ባክቴሪያ አለ የሚል ውጤት መጣ። ከመድኃኒቶቹ ስም ጎን ያለው «አር» (ባክቴሪያው ይቋቋመዋል) ብቻ ነው፤ የተረፈው ኮሊስቲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ነው። ሲገባ ይሄ ነገር አልነበረበትም! ከየት መጣ? የ8 ወር ልጅ አለችኝ፤ ይዤባት እሄድ ይሆን? እህቴ ደግሞ «አውጥተን ቤት እንውሰደው» እያለች ነው።

የሌሊት ተረኛ፦ ይማርልሽ እህቴ። አይሲዩ ነርስ ነኝ። ቤት የሚባለውን ነገር ተዉት፤ አሁን የሚያስተነፍሳቸው ማሽኑ ነው። ከየት መጣ ላልሽው፣ ይሄ ባክቴሪያ ደረቅ ነገር ላይ ለሳምንታት ይቆያል። የአልጋ ጠርዝ፣ የማሽን ቁልፍ፣ መጋረጃ። ከዚያ በእጅ ይዛመታል። በእኛም እጅ ጭምር፣ አልዋሽሽም። ጤነኛ ሰው ላይ ብዙም አቅም የለውም። የሚፈልገው ቀዳዳ ነው፦ የመተንፈሻ ቱቦ፣ ካቴተር (የሽንት ወይም የደም ሥር ቱቦ)፣ ቁስል፣ የደከመ ሰውነት። ጋውንና ጓንቱን እዚያው አውልቀሽ ጣዪ፤ ከዚያ እጅሽን በአልኮል በደንብ እሺ። ስልክሽን አልጋው ላይ እንዳታስቀምጪ። እጃችንን ታጥበን ስልኩን የምንረሳ ብዙ ነን። ልጅሽን ይዘሽ አትግቢ እንጂ እቤት ብታቅፊያት ችግር የለም።

መንገደኛው፦ ሜሮፔነም የሚባለውን አንቲባዮቲክ ከውጭ አስመጥታችሁ በከፍተኛ ዶዝ ይሰጠው። ለሁሉም ነገር ይሠራል።

ባለ መድኃኒት፦ ወንድሜ፣ ወረቀቱ «አር» ካለ አይሠራም ማለት ነው እኮ። ደግሞ «ለሁሉም» የሚባል መድኃኒት የለም። ስቴኖትሮፎሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ሜሮፔነምን በተፈጥሮው ይቋቋማል። ሴራሺያ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ኮሊስቲንን። ለዚህ ነው የባክቴሪያው ስም የሚያስፈልገው።

ማይክሮስኮፕ፦ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ሁላችሁም የዘለላችሁት ጥያቄ አለ። አክታ ላይ ተገኘ ማለት ሳንባቸው ታመመ ማለት አይደለም። ቱቦ ብዙ ቀን ሲቆይ እነዚህ ባክቴሪያዎች ሰውየውን ሳያሳምሙ እዚያው ሊሰፍሩ ይችላሉ። ትኩሳት አለ? ነጭ የደም ሴል ጨምሯል? ኤክስሬዩ ላይ አዲስ ጥላ ታየ? ኦክስጅን ከበፊቱ በላይ ፈለጉ? አክታው መግል ሆነ? ሐኪሞቹ እነዚህን አንድ ላይ አይተው ነው የሚወስኑት። እኛ ላብ ውስጥ ያለነው ወረቀት እንጂ በሽተኛውን አናይም። ስለዚህ በቀጥታ «ኢንፌክሽን ነው ወይስ ሰፍሮ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ሰፍሮ ብቻ ከሆነ ኮሊስቲን ትርፉ ኩላሊት መጉዳት ነው።

አር የበዛው ለምን እንደሆነም ልንገራችሁ፤ ግራም ኔጌቲቮች (አሲኔቶባክተር ያለበት የባክቴሪያ ወገን) የውጭ ሽፋን አላቸው፤ ብዙውን መድኃኒት በር ላይ ያስቀረዋል። ሾልኮ የገባውን በፓምፕ መልሰው ይተፉታል፣ ወይም በኤንዛይም ይቆራርጡታል። አሲኔቶባክተር ሦስቱንም ይችላል።

አልፌበታለሁ፦ እናቴን ሱዶሞናስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ይዟት ኮሊስቲን ወስዳለች። ክሬያቲኒኗ (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ሲጨምር ዶዙን አስተካከሉላት። ከተጀመረ የኩላሊት ምርመራው በየስንት ቀኑ እንደሚሠራ ጠይቂ። ደግሞ «የትኛው ቱቦ ዛሬ ሊወጣ ይችላል?» በይ። እኔ በየቀኑ እጠይቅ ነበር። ሰለቹኝ፣ ግን ጠቀመ።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሐኪሙን አገኘሁት። ትኩሳት የለውም፣ ኤክስሬዩም እንደ በፊቱ ነው። ኮሊስቲን ለጊዜው አልጀመሩም፣ እየተከታተሉት ነው። የሽንት ቱቦው ለምን እስካሁን እንዳለ ስጠይቅ ተያይተው ከሰዓት አወጡት።