ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ቮልስ ከፊያት 124፦ የኋላውን እንዴት ላረጋጋ?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ሁለቱ መኪኖች ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ፊያቱ ሞተሩ ከፊት ነው፤ መሪው ትንሽ ቢከብድም መስመሩን አይለቅም፣ በአራቱም ጎማ ያለው ዲስክ ፍሬንም ያስተማምናል። ቮልሱ (እ.ኤ.አ. 1966) መሪው ቀላል ነው፣ መንገዱን በእጅ ያሳውቃል፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ግን ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ፣ ኩርባ መሃል እግር ከነዳጅ ከተነሳ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ይነሳል፣ የውጭው ጎማ ከሥር ይታጠፍና ኋላው ይሸሻል።

የቮልሱ የጎማ ንፋስ ፊት 18፣ ኋላ 27 ፒኤስአይ ነው። የኋላ ሾክ አብዞርበር አዲስ ነው። ከኩርባው በፊት ማርሽ ቀንሶ ነዳጁን በትንሹ መያዝ ረድቷል፣ ግን አልበቃም።

የኋላውን ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ስፕሪንግ የሚሠራውን ዘንግ) አዙሬ ኋላውን ዝቅ ላድርገው? የዘንጉ የውስጥ ጫፍ 40፣ የውጭ ጫፉ 44 ጥርስ ነው፤ ስንት ጥርስ ልዙር? ወይስ በቅድሚያ የፊቱን ስታቢላይዘር (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘውን ዘንግ) በወፍራም ልቀይር? የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።