መብራቶቼ ቀንም አይጠፉም፣ ምን በድያለሁ?

ድንጋይ ፈላጭ፦
ሰላም ወገኖች። ማይንክራፍት የሚባለው ጌም ውስጥ የሠራሁት የመንገድ መብራት አበሳዬን እያሳየኝ ነው። የምጫወተው ጃቫው ላይ ነው (የኮምፒውተሩ እትም)፣ ሰርቫይቫል፣ ማለትም ዕቃውን ሁሉ ራሴ እየሰበሰብኩ። ከቤቴ እስከ ማዕድን ጉድጓዴ 11 ሬድስቶን ላምፕ (ሬድስቶን የጌሙ ኤሌክትሪክ በሉት) መሬት ውስጥ ቀብሬያለሁ። እንደ ሽቦ ምልክት የሚያስተላልፈው የሬድስቶን ዱቄት በላያቸው ያልፋል። ቀዩ መስመር ለዓይን አያምርም፣ ግን ይሠራል። ሁሉንም የሚያዘው አንድ ዴይላይት ዲቴክተር ነው፣ የሰማይን ብርሃን እየለካ ምልክት የሚያወጣ ብሎክ። ማታ እንዲሠራ ተጭኜ ገልብጬዋለሁ።

መጀመሪያ ችግሩ ሌላ ነበር። ሲመሽ ቅርብ ያሉት ይበራሉ፣ ራቅ ያሉት ይዘገያሉ፣ መጨረሻ ላይ ያሉት ጭራሽ አይበሩም። ስለዚህ ዲቴክተሩ ሥር ሪፒተር (የደከመ ምልክት የሚያጠናክር) ገጠምኩ፣ መስመሩ ላይም ጨመርኩ። ሁሉም እኩል ቦግ! ለጥቂት ቀን (የጌሙን ቀን ማለቴ ነው፣ 20 ደቂቃዋን) አሪፍ ነበር። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ቆይቼ ስወጣ ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ላምፖቹ ደግሞ በርተዋል። ዲቴክተሩን ነቅዬ መልሼ ተከልኩት። ያው ነው።

ቀይ ዱቄት፦
ነቅለህ ስትተክለው ወደ ቀን ይመለሳል እኮ። ድጋሚ መጫን አለብህ።

ድንጋይ ፈላጭ፦
ተጭኜዋለሁ። ፊቱ ሰማያዊ ነው፣ ተገልብጧል ማለት ነው።

ኩራዝ፦
ከዲቴክተሩ በላይ ምን አለ? ቀና ብለህ እይ።

ድንጋይ ፈላጭ፦
ምንም... ቆይ። ዛፍ አለ። መንገዱ ጥላ ይኑረው ብዬ ችግኝ ተክዬ ነበር። ለካ አድጎ ቅርንጫፉ ዲቴክተሩ ላይ ደርሷል። ግን ቅጠል ነው እንጂ ጣሪያ አይደለም፤ ብርሃን ያሳልፋል።

ኩራዝ፦
ያሳልፋል፣ ግን ቀንሶ። ጥርት ባለ ቀትር የሰማይ ብርሃን 15 ነው። የተገለበጠ ዲቴክተር የሚያወጣው ከ15 ላይ የሚደርሰውን ብርሃን ቀንሶ ነው። ከላዩ ምንም ከሌለ 15 ሲቀነስ 15፣ ዜሮ። አንድ ቅጠል ጣልቃ ሲገባ ብርሃኑ 14 ይሆንና ዲቴክተሩ 1 ያወጣል። አንዷ ብቻዋን የትም አትደርስም ነበር፤ ዱቄቱ ላይ በእያንዳንዱ ብሎክ አንድ አንድ እየቀነሰች ትሞታለች። አንተ ግን ሥሩ ሪፒተር አስቀምጠሃል። ሪፒተር ደግሞ 1 አገኘ 11 አገኘ ግድ የለውም፣ 15 አድርጎ ነው የሚያወጣው። የመጀመሪያውን ችግርህን የፈታልህ ነገር ነው ሁለተኛውን ያመጣብህ።

ቅጠሉን ቁረጥ፣ መልሶ አይበቅልም። ዲቴክተሩን መሸፈን ካማረህ መስታወት አልብሰው፣ መስታወት ብርሃን አይቀንስም። ሌላው ደግሞ ሪፒተሩን ከዲቴክተሩ አርቀው፤ መሀላቸው አራት ብሎክ ዱቄት ይኑር። ያኔ ከ4 በታች የሆነ ምልክት ሪፒተሩ ጋ አይደርስም። ሲመሽ ትንሽ ዘግይተው ይበራሉ፣ ያን ያህል አያስቸግርም።

ቀይ ዱቄት፦
አራት ለምን? ሁለትም ይበቃዋል።

ኩራዝ፦
ለቅጠሉማ ይበቃል። ዝናብ ሲመጣ ግን የቀትሩ ብርሃን ወደ 12 ይወርዳል፣ ዲቴክተሩም 3 ያወጣል። ሁለት ብሎክ ካደረገ በዘነበ ቁጥር መብራቱ ይበራበታል። ነጎድጓድ ከሆነ ግን አራቱንም ያልፋል። እሱ ይለፍ፣ በነጎድጓድ ጊዜ ጭራቆቹ በቀንም ይወለዳሉ።

ቀይ ዱቄት፦
እኔ ብሆን ይሄን ሁሉ ሽቦ አልዘረጋም ነበር። እያንዳንዱ ላምፕ አናት ላይ የራሱን ዲቴክተር ቁጭ ማድረግ ነው። ገልብጠኸው ላምፑን ከነካ ማታ ይበራል፣ ዱቄት የለ፣ ሪፒተር የለ።

ድንጋይ ፈላጭ፦
አንዱን ዲቴክተር ለመሥራት 3 ኔዘር ኳርትዝ (ኔዘር ከሚባለው የጌሙ የእሳት ዓለም የሚመጣ ማዕድን) ይበላል እኮ፣ ከ3 መስታወትና ከ3 የእንጨት ስላብ (ግማሽ ብሎክ) ጋር። ለ11ዱ 33 ኳርትዝ! ባለፈው ኔዘር ገብቼ ሙሉ ትጥቄን ላቫ ውስጥ ጥዬ ነው የወጣሁት። አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ።

ድንጋይ ፈላጭ፦
ቅጠሉን በመቀስ አነሳሁ፣ ሪፒተሩንም አራት ብሎክ አራቅሁት። ወዲያው ድርግም አሉ። ከዚያ ዝናብ ጠብቄ አየሁ፣ አልበሩም። ዛፉን ግን አልቆረጥኩትም፣ ሳያጠፋ ምን ብዬ? በነገራችን ላይ ሌላ ሦስት ችግኝ እዚያው መስመር ላይ ተክያለሁ። ነገ ነቅዬ ወደ ጓሮ ልወስዳቸው ነው።