ድባቴዬ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ መድኃኒት ልጀምር?

የሌሊት ፈረቃ (ጠያቂ)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ከአገሬ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ልጄን ለማምጣት ያስገባሁት ማመልከቻ ሁለት ዓመት ከአራት ወር አልፎታል፣ መልስ ግን አላገኘሁም። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በሌሊት ፈረቃ ነው። ይህ ሁሉ አዲስ አይደለም፤ ተሸክሜው ኖሬያለሁ። አዲስ የሆነብኝ ካለፉት አራት ወራት ወዲህ የመጣው ነገር ነው። ቀን ስተኛ ከሦስት ሰዓት በላይ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ስነቃ ሰውነቴ የእኔ አይመስለኝም፤ ብርዱ ከሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ለይቶ እኔን ይቆረጥመኛል፤ የምበላው ሳይጨምር ክብደቴ ጨምሯል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ይህን ስጽፍ እያፈርኩ ነው፣ የልጄ ስልክ ሲጠራ ከደስታ ይልቅ ድካም ይሰማኛል።

የቤተሰብ ሐኪሜ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት ወረቀት አስሞልቶኝ፣ ነጥቡ 16 መሆኑን ነግሮኝ፣ «ድባቴ ነው» ብሎ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘልኝ። ገዝቼ አስቀምጬዋለሁ፤ አልጀመርኩትም። ለታላቅ ወንድሜ ብነግረው «ድብርት የጠገበ ሰው በሽታ ነው» አለኝ፤ በዚያው ስልክ ቤቱን ለማደስ የሚሆን ገንዘብ እንድልክለት ጠየቀኝ። ለመሆኑ ይህ በሽታ ነው ወይስ ኑሮዬ የወለደው ሐዘን? ኑሮዬ ከሆነ መድኃኒቱ ልጄን አያመጣልኝም። ሌላው የሚያስፈራኝ በሕክምና ፋይሌ ላይ «ድባቴ» ተብሎ መጻፉ ማመልከቻዬን ያበላሽብኝ ይሆን የሚለው ነው። የምታውቁ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ነርስ በሙያዬ

እህቴ፣ በጻፍሽው ውስጥ የሚያሳፍር አንድም ነገር የለም። በዓለም ላይ ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖረው ሰው ከ280 ሚሊዮን እንደሚበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ ከመካከላቸው ልጆቻቸውን የሚወዱ እናቶች ስንት እንደሆኑ አስቢው።

የሞላሽው መጠይቅ ከ0 እስከ 27 የሚደርስ ነጥብ አለው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሰውየው በሚገባ ሊመረመር ይገባል ማለት ነው። መጠይቁ የሚለካው ግን የሕመሙን ክብደት እንጂ መንስኤውን አይደለም። ቴርሞሜትር ትኩሳት እንዳለብሽ ይነግርሻል፤ ወባ ይሁን የሳንባ ምች ግን አይነግርሽም። ድባቴ ለመባልም ምልክቶቹ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አብዛኛውን ቀን የዘለቁ መሆን አለባቸው፤ ከእነርሱም አንዱ የግድ የስሜት መውረድ ወይም ቀድሞ ደስ ይል ከነበረ ነገር ደስታ ማጣት መሆን አለበት። አንቺ ይህን ታሟያለሽ ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ከመድኃኒቱ በፊት ወይም ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ሐኪምሽ ሊያየው የሚገባ ነገር ያለ ይመስለኛል።

ብርድ በተለየ ሁኔታ ይሰማኛል፣ የምበላው ሳይጨምር ክብደቴ ጨመረ፣ ሰውነቴ ከበደኝ ብለሻል። እነዚህ በአንገታችን ፊት ያለው የታይሮይድ እጢ ሥራው ሲቀዘቅዝ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው፤ የሆድ ድርቀትና የቆዳ መድረቅም ሊጨመሩበት ይችላሉ። ይህ እጢ ሲደክም ስሜትም አብሮ ይወርዳል፤ በተራ የደም ምርመራ ይታወቃል፣ የጎደለውን ሆርሞን በሚተካ ዕለታዊ እንክብልም ይታከማል። የደም ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ ስኳር፣ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሕመም፣ እነዚህም ድባቴ መስለው ወይም ድባቴን ቀስቅሰው ይመጣሉ። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጡ የኮርቲሶን መድኃኒቶችም ስሜትን ሊያናውጡ ይችላሉ፤ አልኮል መጠጥ ደግሞ ለጊዜው ያረሳሳ መስሎ በማግሥቱ የባሰ ይጥላል። እንዲያውም ሐኪምሽ አንድ ነገር ሊጠይቅሽ ይገባ ነበር፦ ከዚህ በፊት ለቀናት እንቅልፍ ሳያስፈልግሽ፣ ሐሳብሽ እየፈጠነ፣ ጉልበት ሞልቶ የፈሰሰበት ጊዜ ነበረሽ? ካለ ሕመሙ ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ዓይነቱ ተራው የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ይቅርታ አድርጊልኝና በግልጽ ልጠይቅሽ፦ በዘጠነኛው ጥያቄ፣ ሞትን ስለ መመኘት በሚጠይቀው፣ እውነቱን መልሰሻል? ካልመለስሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ለሐኪምሽ ወይም ለድንገተኛ ክፍል ተናገሪ።

የከረመ ስደተኛ

ልጄ፣ የነርሷን ሙያ አከብራለሁ፤ ነገር ግን ከእጢና ከደም በፊት የሚታይ ነገር አለ። ልጇን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ለሚጠጋ ጊዜ የምትጠብቅ እናት ባታዝን ነበር የሚያስደነግጠው። እኔ ከመጣሁ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የደረሰብኝን ማንም በሽታ አላለውም፤ ናፍቆት ነበር። በአገሬ ሳልፍ «የእከሌ ልጅ» ብሎ የሚጠራኝ ሰው ነበረ፤ እዚህ ግን ስሜን እንኳ በትክክል የሚጠራው አልነበረም። ሰው የሚሰበረው ሰው መሆኑን የሚያውቅለት ሲያጣ ነው። እንቅልፍ ያጣሁት፣ ሆዴ የባሰው፣ ምግብ ያስጠላኝ በዚህ ምክንያት ነበር። ወረቀቴ ወጣ፣ ሥራ አገኘሁ፣ ሰው ተዋወቅሁ፣ ለቀቀኝ። ለሐዘን እንክብል መስጠት ሐዘኑን መስደብ ይመስለኛል። ፈቃዱ እንዲፋጠን ጠበቃ ፈልጊ፤ ከሌሊት ሥራም ውጪ።

ሁለት ጊዜ የወደቅሁ

ጋሼ፣ ንግግርዎ እውነትነት እንዳለው አልክድም፤ ነገር ግን የእኔ ታሪክ ተቃራኒው ነው። እኔ የወደቅሁት ወረቀቴ ወጥቶ፣ ቤተሰቤ መጥቶ፣ ሥራዬ ከተስተካከለ በኋላ ነው። የሚያሳዝነኝ ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ ማጣቴ ራሱ አስፈራኝ። ኋላ ላይ ትዝ ያለኝ አባቴ ነው። በዓመት አንድ ሁለት ወር መስኮት ዘግቶ ይተኛ ነበር፤ እኛ «አባባ ከፋው» ብለን በእግር ጣታችን እንራመድ ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ የመንታዎች ጥናቶች ትንታኔ በሰዎች መካከል ላለው የተጋላጭነት ልዩነት የዘር ድርሻ ወደ 37 በመቶ እንደሚሆን አሳይቷል። ዘር ብቻውን አይጥልም፤ ነገር ግን አንዱ የሚቋቋመው ነፋስ ሌላውን ለምን እንደሚጥል በከፊል ያስረዳል።

ሐኪሜ መጀመሪያ «በአንጎልህ ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር አንሷል» ብሎኝ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ ግምገማ ይህን አባባል የሚደግፍ ወጥ ማስረጃ እንደሌለ ሲገልጽ ተታለልኩ ብዬ ተቆጥቼ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን «ሕመሙ ከምን መጣ?» እና «መድኃኒቱ ይረዳል ወይ?» የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ተረዳሁ። ጃንጥላ ከዝናብ ይከልላል፤ ዝናቡ የመጣው ግን ጃንጥላ ስለጠፋ አይደለም። መድኃኒቱ እኔን ረድቶኛል፤ ሁሉንም አይረዳም። እህቴ፣ ከጀመርሽው ለውጡ ለመታየት ሳምንታት ይፈጃል፤ ሲሻልሽም ሐኪሙን ሳታማክሪ በድንገት አታቋርጪው። እኔን ለሁለተኛ ጊዜ የጣለኝ እንዲያ ማቋረጤ ይመስለኛል።

ጨለማ ወቅት

እኔ ከምኖርበት የሰሜን ከተማ ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር። ቀኑ ሲያጥር የሚመጣና ብርሃን ሲመለስ የሚሄድ የድባቴ ዓይነት አለ፤ በ1984 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ሐኪሙ ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ በስም ለይተው ገለጹት። ጠዋት ጠዋት 10,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ኃይል ባለው መብራት ፊት ግማሽ ሰዓት ያህል መቀመጥ ይረዳል። ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ያበዛል እንጂ አይነሣም፤ የእህታችን ሁኔታ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በሌሊት የሚሠራ ሰው ደግሞ ከብርሃን የሚለየው ክረምት ከበጋ በመሆኑ፣ የሰውነቱ ሰዓት ራሱ ይዛባል። ስለዚህ መብራቱን በየትኛው ሰዓት መጠቀም እንደሚገባት ሳትጠይቅ እንዳትገዛ፤ የዓይን ሕመም ካለባትም አስቀድማ ትንገር።

ነርስ በሙያዬ

ጋሼ፣ እርስዎ ካሰቡት በላይ ትክክል ነዎት ማለት እፈልጋለሁ። ተመራማሪዎቹ ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ በለንደን ካምበርዌል የሚኖሩ ሴቶችን አጥንተው በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሥራ፣ ከድባቴ በፊት ብዙውን ጊዜ ከባድ ማጣት ወይም የማያባራ ችግር እንደሚገኝ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ከባድ ነገር ከደረሰባቸው ሴቶች አብዛኞቹ አልታመሙም። ይበልጥ ከተጎዱት መካከል የልቧን የምታካፍለው ቅርብ ሰው የሌላት፣ እናቷን ገና በልጅነቷ ያጣች፣ ከቤት ውጪ ሥራ የሌላት ትገኝበታለች። እርስዎ «ስሜን የሚጠራው ሰው አልነበረም» ያሉት እኮ ይኸው ነው።

የማልስማማው ምክንያቱ ስለታወቀ በሽታ አይደለም በሚለው ነው። ከመሰላል ወድቆ እግሩ የተሰበረ ሰው ለምን እንደተሰበረ ያውቃል፤ ጄሶው ግን ያስፈልገዋል። ሐዘን በማዕበል ይመጣል፤ በመካከሉ ሰው ሊስቅ፣ ትዝታ ሊያጽናናው ይችላል። ድባቴ ግን ያንን ክፍተት ይዘጋዋል፣ ሰው ራሱን የማይረባ አድርጎ እንዲያይ ያደርጋል። ልጇን የምትናፍቅ እናት የልጇ ስልክ ሲጠራ ትሮጣለች፤ እህታችን ደከመኝ ነው ያለችው። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። ናፍቆትና ድባቴ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

የከረመ ስደተኛ

ልጄ፣ የስልኩን ነገር እንደዚያ አላየሁትም ነበር። ቢሆንም ሁሉን ነገር ወደ ሐኪም ቤት መውሰዳችን ያሠጋኛል። ፈቃድ የሚያጓትተው ቢሮ ሰውን ያሳምማል፣ የታመመው ሰው እንክብል ይውጣል፣ ቢሮው እንደነበረ ይቀጥላል።

ላኪ

እኔ ደግሞ የታላቅ ወንድሟ ነገር በዝምታ መታለፉ አሳዝኖኛል። ለአሥራ አንድ ዓመት በየወሩ ልኬያለሁ፤ የታመምኩት የምልከው ባለቀበት ወር ሳይሆን «ምን ሆንክ?» ብሎ የሚጠይቅ እንደሌለ በገባኝ ወር ነው። ማቋረጥ አለባት ባይ ነኝ፤ ቢያንስ እስኪሻላት።

የከረመ ስደተኛ

ወገን ገንዘብ የሚጠይቀው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሚኖሩበትን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ወንድሟ የተናገረው ስላልገባው ነው። ድንገት ብታቋርጥ የጥፋተኝነት ስሜቱ የባሰ ይገድላታል።

ላኪ

ጋሼ፣ የጥፋተኝነት ስሜት እኮ ከዘጠኙ ጥያቄዎች አንዱ ነው! የበሽታው ምልክት የሆነውን ነገር ለመላክ ምክንያት አድርገን ስናቀርበው፣ በሽታው ራሱ ገንዘብ ሲያስልክ ማየት አይሆንብንም? «አሁን አሞኛል፣ አልችልም» ብላ በግልጽ ትንገረው።

ሁለት ጊዜ የወደቅሁ

ሁላችሁም ተረጋጉ። በወደቅሁ ጊዜ የወሰንኳቸውን ትልልቅ ውሳኔዎች ግማሹን ተጸጽቼባቸዋለሁ። ከወንድሟ ጋር የሚያጣላ ውሳኔ ዛሬ እንድትወስን አትግፏት። መጠኑን ትቀንስ፤ ሌላው ይቆይ።

ላኪ

መቀነስም ውሳኔ ነው፤ እርሱም ያጣላል።

የሌሊት ፈረቃ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነርሷ እህቴ፣ ዘጠነኛውን ጥያቄ እውነቱን አልመለስኩም ነበር። ወረቀቱ ላይ «በፍጹም» የሚለውን ያከበብኩት ፋይሉን ፈርቼ ነው። የጻፍሽልኝን ባነበብኩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደውዬ ለሐኪሜ ነገርኩት፤ በዚያው ቀን አስጠርቶኝ አንድ ሰዓት ያህል አነጋገረኝ። ከአንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር አገናኝቶኛል፤ በየሁለት ቀኑም ይደወልልኛል። የታይሮይዱን ምርመራ ስጠይቀው አልተቃወመም፤ ደም ሰጥቻለሁ፣ ውጤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። መድኃኒቱን ትናንት ጀምሬዋለሁ፤ እስካሁን ከማቅለሽለሽ በቀር ምንም አላየሁም። ለወንድሜ ምንም አላልኩትም፤ የምለውንም ገና አላውቅም።

የልጄን ስልክ ትናንት አነሣሁ፣ አራት ደቂቃ አወራን። ስለ ፋይሉ ያነሣሁት ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም። በዚህ ጉዳይ የምታውቁ ወይም የሕግ ሰው የምትጠቁሙኝ ካላችሁ፣ እባካችሁ አሁንም እየጠበቅሁ ነው።