የአባቴን ካሴቶች ከነሽፋናቸው እንዴት ላቆያቸው?

የፍራንኮ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ባለፈው ዓመት ካረፉ በኋላ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር የሚገኘውን ቤታችንን ስናስተካክል ከአልጋቸው ሥር በሁለት የጫማ ካርቶን የተደረደሩ 74 ካሴቶች አገኘን። ወንድሞቼ «ዘፈኖቹ ሁሉ ዩቲዩብ ላይ አሉ፤ ለምን ቤት ያጣብባሉ?» ይላሉ። እኔ ግን ለመጣል እጄ እንቢ አለኝ፤ ምክንያቴም ዘፈኑ ብቻ አይደለም። ሽፋኖቹን አንድ በአንድ ሳገላብጥ፣ ዘፋኞቹ ፏፏቴ በተሳለበት የፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ቆመው የተነሱ፣ ስማቸውም በሰው እጅ በተሳሉና ጥላ በተበጀላቸው ፊደላት የተጻፈ መሆኑን አስተዋልኩ። በአንደኛው ላይ «ቁጥር 2» ከሚለው ጽሑፍ የ«ቁ» ካዕብ ምልክት ወደ ቀኝ ረዝሞ የቀሩትን ሁለት ፊደላት ከሥር ያሰምርባቸዋል። እንዲህ ያለ ፊደል ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ፈልጌ አላገኘሁም።

የአባቴ ቴፕም አብሮ አለ። ነገር ግን ካሴት ስከትበት ድምፁ ይጎተታል፣ አንዱንም ክሩን በላብኝ። ድምፁንም ሽፋኑንም ሳላበላሽ ለማቆየት ከየት ልጀምር?

ቴፕ ጠጋኝ፦

እህቴ፣ አባትዎን ነፍስ ይማር። በመጀመሪያ ያንን ቴፕ ሳይጠገን ሌላ ካሴት አይክተቱበት። የድምፁ መጎተት አብዛኛውን ጊዜ ከካሴቱ ሳይሆን ከቺንጋው፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ከሚያስተላልፈው የጎማ ቀበቶ ነው። ክሩ በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር እንዲጓዝ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ ቺንጋው በዕድሜ ብዛት ሲላላ ወይም ሲቀልጥ ፍጥነቱ ይወርድና ዘፋኙ የታመመ ይመስላል። ክር የሚበላው ደግሞ ክሩን የምትስበው ጥቁር ጎማ ስትደርቅ ወይም ቆሻሻ ሲይዛት ነው። ቺንጋው ይቀየር፤ ጎማዋንና ሄዱን (ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን ክፍል) ጥጥ በንጹሕ አልኮል አርሰው ያጽዱ።

የተበላውን ካሴት በጉልበት አይጎትቱ። ቀፎው በብሎን የተያያዘ ከሆነ ተፈቶ ክሩ ይስተካከላል፤ ከተቀደደም ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ቀጭን ማጣበቂያ ይቀጠላል። በተለመደው ፕላስተር ግን ፈጽሞ አይቀጥሉት፤ ሙጫው ቀልጦ ሄዱን ያበላሻል። ለዓመታት ያልተነካ ካሴት ከመጫወቱ በፊት በእስክሪብቶ እስከ መጨረሻው ተጠምጥሞ መመለስ አለበት፤ የባለ 90 ደቂቃው ክር ከባለ 60ው ስለሚቀጥን ለእሱ የበለጠ ይጠንቀቁ። በመስኮቱ በኩል ነጭ ሻጋታ ከታየዎት ያንን ካሴት ከሌሎቹ ይለዩት።

ከዚያ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ገመድ ወደ ኮምፒውተሩ ወስደው ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሳይጨመቅ በዌቭ (WAV) ፋይል ይቅዱ። የ60 ደቂቃው ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። እስከዚያ ድረስ ካሴቶቹን ከቆርቆሮው ጣሪያ አጠገብ አያስቀምጡ፤ የአዳማን ሙቀት እርስዎም ያውቁታል።

የቀድሞ ሙዚቃ ቤት ሠራተኛ፦

ስለ ሽፋኑ በማንሳትዎ ደስ ብሎኛል፤ እኔ በ1980ዎቹ ሙዚቃ ቤት ስሠራ ደንበኛው ካሴቱን ከመስማቱ በፊት የሚመርጠው በሽፋኑ ነበርና። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ሸክላ ማሳተም ከጀመሩ በኋላ በአገራችን የሸክላ ዘመን ብዙም አልቆየም፤ በ1970 ገደማ ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። በአንድ ሸክላ ሽፋን ላይ በነፃነት ይጻፍ የነበረው ሁሉ ከእጅ መዳፍ በምታንስ ወረቀት ላይ መግባት ነበረበት፤ ስለዚህ ጸሐፊው ፊደሉን እየጠበበና እየለጠጠ ቦታ ይፈጥርለት ነበር። እርስዎ ያዩት «ቁ» የዚያ ጥበብ ውጤት ነው።

ለወንድሞችዎ ግን ሌላም መልስ አለ። ወረቀቷን ከፍተው ውስጧን ያሳዩአቸው፤ ግጥሙንና ዜማውን የሠራው፣ ያቀናበረው፣ ያጀበው ባንድ ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። ዩቲዩብ ላይ ከሚጫኑት አብዛኞቹ ይህን አይዙም፤ ወረቀቷ ስትጣል የገጣሚው ስም አብሮ ይጣላል። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ሥራ በ2013 አሜሪካ ውስጥ ዳግም ታትሞ በዓለም መድረክ እንደገና ያቆማቸው፣ ባሕር ዳር ላይ በተገዛ አንድ ካሴት ምክንያት ነው።

ሽፋኑን ከፊትም ከኋላም፣ የጎኗን ጽሑፍ ጨምሮ በ600 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ ነው) ስካን ያድርጉ። ላሚኔት እንዳያስደርጉት አደራ፤ ሙቀቱ ቀለሙን ይጎዳል፣ ተመልሶም አይላቀቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። በካሴቱ ጀርባ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በታተመ ካሴት ላይ ክፍት ሆነው የሚመጡት ሌላ ድምፅ እንዳይቀዳባቸው ነው። ወረቀት ተወትፎባቸው ወይም በፕላስተር ተሸፍነው ካገኙ፣ ሰው ሆን ብሎ ሌላ ድምፅ ቀድቶበታል ማለት ነው። ያኔ ዘመድ ከውጭ አገር የሚልከው ደብዳቤ በካሴት ነበር፤ መልሱም እንዲሁ። እነዚያ ዩቲዩብ ላይ የሉም።

የፍራንኮ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ካርቶኖቹን አውጥቼ የሁሉንም ጀርባ ተመለከትኩ። 5 ካሴቶች ቀዳዳቸው ተወትፏል፤ አንደኛው የተወተፈው ከሲጋራ ፓኬት በተቀደደ ብልጭልጭ ወረቀት ነው፤ አባቴ ያጨሱ ነበር። ከሽፋኑ በስተጀርባ በእርሳስ «ለጅዳ፣ ያልተላከ» የሚል የእጅ ጽሑፋቸው አለ። ታላቅ አክስቴ በዚያን ዘመን ጅዳ ነበሩ።

ቴፑ እስኪጠገን ድረስ አልነካውም። ወንድሞቼም ይህን ካዩ በኋላ ካርቶኖቹን ከአልጋው ሥር አውጥተው ከውስጠኛው ክፍል ቁም ሣጥን ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡልኝ። ቴፕ ጠጋኝ፣ ሱቅዎ አዳማ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ቴፑን ይዤ ብመጣ ይቻላል?

ቴፕ ጠጋኝ፦

ይቻላል፤ ከ3 ሰዓት በኋላ ይምጡ። ያንን ካሴት ግን ቤት ይተዉት፤ መጀመሪያ በማያሳዝን ካሴት እንፈትነዋለን።