ስልክ ከመኪና ብሉቱዝ ጋር አልገናኝ ሲል (ቨርጂኒያ)

ስፕሪንግፊልድ_22
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ያገለገለ የ2014 ነው፣ ስልኩ አዲስ ሳምሰንግ። ብሉቱዙ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ባለስድስት አሃዝ ቁጥር ያወጣል፣ ከዚያ «አልተሳካም» ብሎ ይዘጋል። ከሰኞ ጀምሮ ኡበር ልሠራ ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ 125 ዶላር ነው፣ ሁለተኛ ከተያዙ 250። ቴፑ ይቀየር ብለው 400 ዶላር ጠየቁኝ። ሳይቀየር መላ አለው?

ኮረንቲ
እንዳታስቀይር። ቁጥር እስከማውጣት ከደረሰ ብሉቱዙ ይሠራል ማለት ነው። የሞተ ብሉቱዝ ስልኩን ጭራሽ አያየውም። መጀመሪያ ግን የመኪናውን ዓይነት አልነገርከንም፤ እሱን ጻፍልን።

እስከዚያው ሦስት ነገር ጠርጥር። አንደኛ፣ ያገለገለ መኪና ውስጥ የቀድሞው ባለቤት፣ የሚስቱ፣ የልጆቹ ስልክ ሁሉ ተመዝግቦ ይቆያል። በዚያ ዘመን ብዙ ቶዮታ 5 ስልክ፣ ሆንዳ 6 ስልክ ነው የሚይዘው። ሲሞላ አንዳንዱ «ሞልቷል» ብሎ ይናገራል፣ አንዳንዱ ምክንያቱን ሳይነግርህ ይከለክላል።

ሁለተኛ፣ መኪናውና ስልኩ ሲተዋወቁ አንድ የጋራ ሚስጥራዊ ቁልፍ ይፈጥራሉ፤ ሁለቱም በየራሳቸው ያስቀምጡታል። አንዴ ሞክረህ ግማሽ መንገድ ላይ ከከሸፈ፣ አንዱ ቁልፉን ይዞ ሌላው ሳይይዝ ይቀራል። ከዚያ በኋላ መቶ ጊዜ ብትሞክር አይገቡም። ስለዚህ ከአንዱ ብቻ ማጥፋት አይበቃም፣ ከሁለቱም ነው።

ሦስተኛው ቀላል ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ቁጥሩ ሲወጣ መኪናው ላይ «አዎ» ብለህ ስልኩን ካልነካህ ጊዜው ያልፍና «አልተሳካም» ይላል። አንድሮይድ ላይ ጥያቄው አንዳንዴ ከላይ ማሳወቂያው ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ወደ ታች ስበህ እየው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪናውን አቁም፣ ማርሹን ፓርክ ላይ አድርግ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ። ብዙዎቹ እየተነዱ ይህን ገጽ አይከፍቱም፤ ጽሑፉ ይደበዝዛል፣ ብትነካውም አይሰማም። ቤት ውስጥ ወይም ኪስ ውስጥ ያለ ሌላ ስልክ፣ ሰዓትና የጆሮ ማዳመጫ ካለ ብሉቱዛቸውን ዝጋ። ቴፑ ላይ ሴትአፕ ግባ፣ ብሉቱዝ ወይም ፎን የሚለውን ክፈት፣ ያሉትን ስልኮች በሙሉ አጥፋ። ሳምሰንጉ ላይ ሴቲንግ፣ ኮኔክሽንስ፣ ብሉቱዝ፤ የመኪናው ስም አጠገብ ያለችውን ጥርስ (የማስተካከያዋን ባለጥርስ ክብ ምልክት) ነክተህ «አንፔር» በል። ስልኩን አጥፍተህ አስነሳ። የመኪናውንም ሞተር አጥፋና የሾፌሩን በር ክፈት። በር እስኪከፈት ቴፑ የማይጠፋበት መኪና አለ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይተህ አስነሳና እንደ አዲስ ጀምር።

ከስልኩ ፈልገህ ካጣኸው ከመኪናው ፈልግ፣ ወይም ተገላቢጦሹን። ለአይፎን ተጠቃሚዎች፦ የብሉቱዝ ገጹ ተከፍቶ ካልቆየ መኪናው አይፎኑን አያየውም። የቆዩ መኪኖች ቁጥር ከማሳየት ይልቅ ራሳቸው ኮድ ይጠይቃሉ፤ 0000 ወይም 1234 ሞክሩ።

ጋሼ_ሲልቨር_ስፕሪንግ
ልጆች፣ ከተነሳ አይቀር እኔም ልጠይቅ። ስልኩ ተገናኝቷል፣ ይደውላል፣ ይነሳል። ነገር ግን የስም ዝርዝሩ ሲመጣ የአገር ቤቱ ሰው ሁሉ ባዶ ሣጥን፣ ሣጥን ነው። እህቴም ሣጥን፣ ጎረቤቴም ሣጥን። ስሞቹ በአማርኛ የተጻፉ ናቸው። ይህ ነገር ይስተካከላል ወይስ እንዲሁ ነው የሚኖረው?

ኮረንቲ
ጋሼ፣ ስሞቹ መኪናው ውስጥ በትክክል ገብተዋል፣ አልጠፉም። የጎደለው የመኪናው ቴፕ ውስጥ የግእዝ ፊደል ቅርጽ ነው፤ ስለዚህ ያላወቀውን ሁሉ በሣጥን ይተካል። ፋብሪካው ካልጨመረው በቀር እርስዎም እኔም ልንጭንበት አንችልም። ያለው መንገድ ሁለት ነው። መኪናዎ አፕል ካርፕሌይ ወይም አንድሮይድ አውቶ ካለው በኬብል ያገናኙት። ያኔ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የሚሠራው ስልኩ ስለሆነ አማርኛው ጥርት ብሎ ይወጣል። ከሌለው፣ ብዙ የሚደውሉላቸውን ሰዎች ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉት። አማርኛውን «ካምፓኒ» በሚለው መስመር ያስቀምጡት፤ ስልክዎ ላይ በአማርኛ ሲፈልጉ ያገኘዋል።

ሌላም ልጨምር፣ ይህኛው ኪስ ይነካል። የአገር ቤት ቁጥር በ09 ከተቀመጠ ከዚህ አይደወልም፤ +251 ብለው ዜሮዋን ትተው ከ9 ይጀምሩ። ደግሞ ከመኪናው ስክሪን ላይ ስም ሲነኩ የሚሄደው መደበኛ የስልክ ጥሪ ነው እንጂ ዋትስአፕ ወይም ቴሌግራም አይደለም። የውጭ ጥሪ ሂሳቡ በስልክ ካምፓኒዎ ቢል ላይ ይመጣል። በዋትስአፕ ለማውራት መኪናውን ከማንቀሳቀስዎ በፊት ጥሪውን ከስልኩ ይጀምሩ፤ ድምፁ መኪናው ውስጥ ካልወጣ ጥሪው ገጽ ላይ የስፒከሯን ምልክት ነክተው ብሉቱዝ የሚለውን ይምረጡ።

የዱባይዋ
እዚህም ጉዳዩ ያው ነው፣ ቅጣቱ ግን ይበረታል፦ ስልክ በእጅ 800 ድርሃምና 4 ጥቁር ነጥብ። ልጨምር የፈለግኩት በገመድ አልባ ካርፕሌይና አንድሮይድ አውቶ ለምትጠቀሙ ነው። እነሱ በብሉቱዝ ጀምረው ወዲያው ወደ ዋይፋይ ይሻገራሉ። ስለዚህ የስልኩ ዋይፋይ ከተዘጋ ብሉቱዙ «ተገናኝቷል» እያለ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። ቪፒኤን ከተከፈተም መንገዱን ሊያበላሸው ይችላል። እዚህ አገር ዋትስአፕ ጥሪ ስለተዘጋ ብዙ ሰው ቪፒኤን ከፍቶ ይረሳዋል፣ ከዚያ መኪናው ተበላሸ ብሎ ጋራዥ ይሄዳል። (ቪፒኤንን ለወንጀል መጠቀም ከ500,000 ድርሃም ጀምሮ እንደሚያስቀጣም አትርሱ። ለጥሪ ፈቃድ ያላቸው አፖች አሉ፣ ለምሳሌ ቦቲም።)

ስፕሪንግፊልድ_22
ኮረንቲ እግዜር ይስጥልኝ! ጥሪው ሠራ። የማሳወቂያው ነገር ነበር። አሁን የቀረው፦ ሙዚቃና የጉግል ማፕ ድምፅ በስልኩ ስፒከር ነው የሚወጣው። በመኪናው አይሰማም።

ራይን_ማይን
ጥሪና ሙዚቃ በብሉቱዝ ውስጥ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ናቸው፣ አንዱ ገብቶ ሌላው ሊቀር ይችላል። ስልኩ ላይ ከመኪናው ስም አጠገብ ያለችውን ጥርስ ንካ፤ «ኮልስ» እና «ኦዲዮ» የሚሉ ማብሪያዎች አሉ። ኦዲዮው ጠፍቶ ይሆናል፣ አብራው። ከዚያ ቴፑ ላይ ሶርስ ወይም ሚዲያ ተጭነህ ከኤፍኤም አውጣና ብሉቱዝ ኦዲዮ ላይ አድርገው። ጥሪ ሲመጣ ቴፑ ራሱ ይቀይራል፣ ለሙዚቃና ለማፕ ግን አይቀይርም። ሬዲዮ እያዳመጥክ የማፑን «ወደ ቀኝ ታጠፍ» አትሰማም። ማፑ ውስጥ ናቪጌሽን ሴቲንግ ላይ ድምፁን በብሉቱዝ አጫውት የሚል ምርጫ አለ፤ እሱም ይብራ።

ቴፑ ብሉቱዝ ኦዲዮ የሚባል ሶርስ ጭራሽ ከሌለው መኪናው የሚቀበለው ጥሪ ብቻ ነው። የቆዩት እንደዚያ ናቸው፣ ሪሴት አይፈውሳቸውም። ያኔ በኦክስ (የድምፅ ገመድ ማስገቢያ) ቀዳዳ የምትገባ ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ ግዛ። ኤሌክትሪክ ከሲጋራ መለኮሻው ስትሰጣት ሞተሩ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሚያፏጭ ድምፅ ከመጣ፣ መሃል ላይ የምትገባ «ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር» የምትባል ገመድ አለች፣ ትዘጋዋለች። ኦክስም ከሌለ በኤፍኤም የምታስተላልፈው አለች። አሜሪካ ከሆንክ 87.9ን መጀመሪያ ሞክር፣ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ዋሽንግተን ዙሪያ ግን ጣቢያ ስለሚበዛ ከተማ ስታቋርጥ ይንጫጫል።

ፊደል_ገበታ
ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን ጋሼን ስማቸውን በእንግሊዝኛ ይጻፉ ማለት ምን የሚሉት ምክር ነው? ግእዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት በኋላ የተሠራ መኪና ፊደላችንን አላውቅም የሚለው ለምንድን ነው? እኛ ዝም ስለምንል ነው! ለመኪና ተብሎ የእናት ስም አይቀየርም።

ኮረንቲ
ማንም ስም ቀይር አላለም። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጣል፣ ቅርጹን ግን መሣሪያው ራሱ መያዝ አለበት። አይፎን «ከፋ» የሚባል የግእዝ ቅርጽ ይዞ ነው የሚሸጠው፣ ለዚህ ነው የሚያነበው። የመኪና ፋብሪካ ግን ቴፑ ላይ የሚጭነው መኪናውን የሚሸጥበትን ገበያ ፊደል ነው። በደብዳቤ ብትጠይቃቸው ደስ ይለኛል፤ የ2014 ቴፕ ግን በደብዳቤ አይታደስም። ሰውየው ደግሞ ዛሬ እየነዱ ሣጥን እየቆጠሩ ነው።

ጋሼ_ሲልቨር_ስፕሪንግ
አትጣሉብኝ። በአማርኛ ያስቀመጥኩት ስሙን ሳየው ድምፁ ጆሮዬ ላይ ስለሚመጣ ነው። ከዚህ እስከዚያ 7 ሰዓት፣ የአሜሪካ ክረምት ሲገባ 8 ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ ለማውራት የሚመቸው ከሥራ በፊት ጠዋት መኪና ውስጥ ነው፤ እነሱ ዘንድ ከሰዓት ይሆናል።

ይልቅ ሌላ ነገር፦ የወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና አለው። «ስክሪኑ ቻይንኛ ብቻ ስለሆነ ብሉቱዝ አልገናኝ ብሎኛል፣ ማስቀየሪያ ላክልኝ» ይላል። ይላክለት?

ቡልቡላ
ከአዲስ አበባ ነኝ፤ ጋሼ፣ አይላኩ። በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ማስገባት በ2024 ከተከለከለ ወዲህ ለቻይና ገበያ የተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት ገብተዋል፤ ፎልክስቫገን አይዲ 4ም አይዲ 6ም እንደዚያ ናቸው። የእነሱ ስክሪን እንደ ድሮ ቴፕ ተነቅሎ አይጣልም። የአየር ማቀዝቀዣው፣ የቻርጅ ሰዓቱ፣ የኋላ ካሜራው ሁሉ ከሱ ጋር የተያያዘ ነው። ለብሉቱዝ ቋንቋ አያስፈልግም፦ የብሉቱዝ ምልክቷ በየትኛውም ቋንቋ ያው ናት፣ የሚወጣው ቁጥርም ያው ነው። ቀሪውን የጉግል ትርጉም አፕ በካሜራ ያነብለታል፤ የቻይንኛውን ፋይል ቀድሞ ካወረደ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የድምፅ ትእዛዙ ግን ከቻይንኛ ውጪ አይሰማም፣ እሱን ይተወው።

ፊደል_ገበታ
ይኸው! ቻይናው በራሱ ቋንቋ ብቻ ሠርቶ ይሸጥልናል፣ እኛ ደግሞ የስም ዝርዝራችንን በእንግሊዝኛ እንቀይር እንባላለን።

ኮረንቲ
በካምፓኒው መስመር አማርኛው ይቀመጥ ብዬ ጽፌያለሁ። አንብበው።

ራይን_ማይን
ሁለታችሁም የረሳችሁት አለ። እየነዱ ስም ዝርዝር ማገላበጥ በየትኛውም ፊደል ጥሩ አይደለም። ጀርመን ስልክ በእጅ 100 ዩሮና 1 ነጥብ ነው። ጋሼ አምስት ሰዎች መርጠው ቴፑ ላይ ፈጣን መደወያ ውስጥ ያስገቡ፣ በቃ። አይፎን ከሆነ ከመኪናው ስም አጠገብ ያለችውን «i» ነክተው ስሞቹ ሲላኩ የተመረጡት ብቻ እንዲሄዱ ማድረግ ይችላሉ። እንዲያውም መኪና ለምትከራዩና ለምትሸጡ ሰዎች፦ ስሞቹ ቴፑ ውስጥ ይቀራሉ። በኪራይ መኪና ላይ ኮንታክት ይጋራ ወይ ሲል «አይሆንም» በሉ፣ ስትሸጡ ደግሞ ሴትአፕ ውስጥ የግል መረጃ አጥፋ የሚለውን ተጫኑ።

የዱባይዋ
ጀርመኑ ልክ ነው፣ ግን ጠዋት ከቤተሰብ ጋር የሚያወራውን ሰው «አታውራ» ማለትም አይሆንም። በእጅ አልያዘም፣ ሕጉም ይፈቅድለታል።

ራይን_ማይን
ሕግ መፍቀዱ አንድ ነገር ነው። የ«ማን ሞተ፣ ማን ታመመ» ጥሪ እየነዱ አይወራም። ቆሞ ይወራ።

ፊደል_ገበታ
እሱን ተዉት፤ የትኞቹ መኪኖች ግእዝ እንደሚያነቡ የምታውቁ ካላችሁ ዓይነቱንና ዓመቱን እዚህ ጻፉ፣ አንድ ዝርዝር እናዘጋጅ። በካርፕሌይ ሳይሆን በራሱ በቴፑ የሚያነበውን ነው የምለው።